ኮንትሮል አርም፦ ጎማን በቦታው የሚያጸና ክንድ

መኪና በጎርባጣ መንገድ ሲጓዝ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይናወጥ የሚይዘው ግን ኮንትሮል አርም የምንለው የብረት ክንድ ነው። የክንዱ አንድ ጫፍ በላስቲክ ቡሽ ከመኪናው አካል ጋር ይያያዛል፤ የፊት ጎማ ከሆነ ሌላው ጫፍ በቦል ጆይንት ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይገናኛል።

ቡሹ ሲሰነጠቅ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊስብ፣ ጎማውም በአንድ ወገን ሊበላ ይችላል። የቦል ጆይንቱ መሸፈኛ ላስቲክ ሲቀደድ ደግሞ ቅባቱ ወጥቶ ውሃና አቧራ ይገባል። እጅግ የላላ ቦል ጆይንት በጉዞ ላይ ከተላቀቀ ጎማው ይታጠፋል፤ መሪም አይታዘዝም። ስለዚህ የመንኳኳት ድምፅን በቸልታ ልናልፍ አይገባንም።

አዲስ ቡሽ ስንገጥም አንድ ነገር እናስተውል፦ ብሎኑን በመጨረሻ ማጥበቅ የሚገባን የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅነው፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዞ ስለሚቀር ፈጥኖ ይቀደዳል። ከጥገናው በኋላም የጎማዎቹን አላይመንት እናስለካ።