ዓሣ እንቁላሏን በምግቧ ልክ ትሰፍራለች

ከገበያ የመጣ ዓሣ ሆዱ ሲከፈት አንዷ በእንቁላል ተጠቅጥቃ ትገኛለች፤ ሌላዋ በመጠን እኩያዋ ሆና ሳለ ባዶ ናት። ወላጆቻችን ይህን ሲያዩ «ወቅቷ አልደረሰም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ብዙ ዓሦች የሚራቡት ወቅት ጠብቀው ነው። ነገር ግን ወቅቱ ደርሶም ባዶ የምትሆን ዓሣ አለች። አንዱ ትልቅ ምክንያት ከወራት በፊት ያጣችው ምግብ ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። እዚሁ ሬሆቮት ያለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ የዓሣ መራባት ከሚጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከኦሺዮት ወደዚያ ለመሄድ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። የብዙዎቻችን ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ሐይቆችን ያውቃል፤ ጣናን በትዝታ፣ ኪነሬትን በዓይን። ሁለቱም ስለ ምግብና ስለ መራባት የሚነግሩን አላቸው።

መጀመሪያ እንቁላል እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የቀኑ ርዝመትና የውሃው ሙቀት ለዓሣዋ አንጎል ጊዜው መድረሱን ያመለክታሉ። አንጎል ከሥሩ ያለችውን ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ያዛል፤ ዕጢዋ ሆርሞን በደም ትልክና የእንቁላል ማኅደሩን ትቀሰቅሳለች። ማኅደሩም በተራው ኢስትሮጅን አመንጭቶ ጉበትን ሥራ ያስጀምራል። ጉበት ቪቴሎጀኒን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ ይህም በደም ተጉዞ እንቁላሉ ውስጥ ይገባና አስኳል ይሆናል። አስኳሉ ጫጩቷ ራሷ መብላት እስክትጀምር ድረስ የምትኖርበት ስንቅ ነው። ትእዛዙ ከአንጎል ቢመጣም፣ ስንቁ የሚቋጠረው እናቲቱ ከበላችው ነው።

ምግብ ሲያጥር ታዲያ ምን ይሆናል? እናት ዓሣ መጥና ነው የምትደቁሰው። እንቁላሏን ታሳንሳለች። ችግሩ ከጠና ማደግ የጀመሩትን እንቁላሎች ሰውነቷ መልሶ ይመጣቸዋል፤ ለልጅ የታሰበው ስንቅ ለእናቲቱ ሕይወት ማቆያ ይሆናል። አንዳንድ ዝርያዎች ዓመቱን ጨርሶ ሳይራቡ ያሳልፉታል።

ሁሉም ዓሣ ግን ለረሃብ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ቆሮሶን እንውሰድ፤ እዚህ «አምኑን» ብለን የምንገዛው ዓሣ ቤተሰብ ናት። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። በዚያ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም አትበላም ማለት ይቻላል፤ የምትኖረው አስቀድማ ባጠራቀመችው ነው። በአንዳንድ የምሥራቅ አፍሪካ ትልልቅ ሐይቆች ቆሮሶ ለመራባት የምትደርሰው ከ10 እስከ 12 ወር ሲሞላት፣ ክብደቷም ከ350 እስከ 500 ግራም ሲሆን ነው። በደንብ በሚመገብ የእርባታ ኩሬ በ5 ወይም በ6 ወሯ፣ ከ150 እስከ 200 ግራም ስትሆን ትደርሳለች። በተጨናነቀና ምግብ በጠፋበት ኩሬ ግን ዕድገቷ ይገታል፤ ሆኖም መራባቷን አትተውም፤ 20 ግራም እንኳ ሳትሞላ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ኩሬው የቀነጨሩ ዓሦች መንጋ ይሆናል። በእስራኤል ብዙ አርቢዎች ወንድ አምኑን ብቻ የሚያሳድጉት ኩሬው በጫጩት እንዳይጥለቀለቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺ የቀነጨረች ቆሮሶ ሌላ ዘር አይደለችም። ቦታና ምግብ ወዳለበት ውሃ ብትዛወር እንደገና ማደግ ትጀምራለች።

ኪነሬት ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ላቭኑን፣ በገበያ «የኪነሬት ሰርዲን» የምትባለው ትንሽ ዓሣ፣ በእስራኤል የዝናብ ወራት ዳርቻው ላይ ባሉ ድንጋዮች ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። በ1991/92 የጣለው ከባድ ዝናብ ሐይቁን ከፍ አደረገው፤ ደረቅ የነበሩ ድንጋዮች በውሃ ተሸፈኑ፤ ጫጩትም በብዛት ተፈለፈለ። የሚበሉት በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት ግን ለሁሉም አልበቁም። በ1993 አጥማጆች ያገኙት በአመዛኙ ለገበያ የማይበቁ ትንንሾችን ነበር። ሐይቁ ዓሣ ሞልቶት ሳለ የሚሸጥ ዓሣ ታጣ። ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ እንዲቀነሱ መንግሥት አጥማጆችን ደጉሟል። መወለድ ብቻውን አይበቃም፤ የተወለደው የሚበላው ሊኖር ይገባል።

ወደ ጣና እንመለስ። ጣና ላቤዮባርበስ የሚባሉ ባለቅርፊት ዓሦች ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ የሉም። በርካቶቹ ሐይቁ ውስጥ ሲመገቡ ከርመው፣ ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ጥርት ያለ ውሃና ጠጠር ፍለጋ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። የደንገል ታንኳ ብቻ በነበረበት ዘመን የሚያዘው ጥቂት ነበር። በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። መረቡ የሚዘረጋው ዓሦቹ በሚያልፉበት በወንዙ አፍ ሆነ፤ ወንዙ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተንባቸዋል። ከ1991 እስከ 2001 ድረስ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል፣ የትንንሾቹ ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች ለክተዋል። እናቲቱ በወንዙ አፍ ስትያዝ ከእሷ ጋር የአንድ ዓመት ምግቧና ከዚያ የተሠራው እንቁላል አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በመራቢያ ወራት ከወንዝ አፍ መረብ ማንሳት ለዓሣ ከሚደረጉ ጠቃሚ ነገሮች አንዱ ነው።

የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ይህ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ሰው ዓሣ አይደለም፤ የሰው ልጅ መውለድም በግራም አይለካም። ነገር ግን የባዮሎጂ ባለሙያ የቀነጨረ ዓሣ ሲያይ መጀመሪያ የሚመረምረው ውሃውን ነው። ስንት ናቸው? ምን ይበላሉ? ማን መረብ ዘረጋባቸው? ስለ ሠፈራችን ልጆች ውጤት ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄው ከልጁ ይጀምራል፣ በልጁም ያልቃል። ለዓሣ የምንሰጠውን ያህል ትዕግሥት ለልጆቻችንም እንስጥ።

ለመጀመር አንድ ቀላል ሥራ አለ። ከደንቢያ ወይም ከጣና ዳር የመጡ አያቶች ያሏችሁ፣ የትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ዓይነት ዓሣ ይወጣ እንደነበር ጠይቋቸውና በስማቸው ጻፉት። በመጽሐፍ ያልሰፈረ ብዙ ዕውቀት እነሱ ዘንድ አለ፤ ካልጻፍነው ግን አብሯቸው ይሄዳል።