ፊት ብሰጠው ምን ይመጣል?

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ታናሽ ወንድምም አለው፦ «ለልጅ ፊት ከሰጠኸው ራስህ ላይ ይወጣል»። እኔ ያደግሁት ሁለቱም በሚሠሩበት ቤት ነው። አባቴ የውጭውን በር ሲያንኳኳ እኛ ልጆቹ ከየጨዋታችን ተበትነን ያገኘነው ደብተር ላይ እናቀረቅራለን። ደብተሩ የማን እንደሆነ ግድ የለንም። ሰፈሩ «ጨዋ ልጆች» ይለን ነበር።

ጊዜው ሄዶ እኔም አባት ሆንኩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ የስድስት ዓመቷ ልጄ ሳሎን መሃል ሲኒ ደርድራ፣ ሁለት ትራስ እንግዳ አድርጋ ቡና ታፈላለች። እንዳየችኝ ሲኒዎቹን በቀሚሷ አፍሳ ሶፋው ሥር ሸጎጠቻቸው። አልተቆጣሁም፤ አፌንም አልከፈትኩም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብተር ስባ ማንበብ ጀመረች። የወንድሟ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነበር።

ከተረቱ ጋር የተጣላሁት ያን ቀን ነው።

ተረቱ ጭራሽ ባዶ ነው አልልም። ከልጅ ጋር ትግል የገጠመ ሰው ያውቀዋል፤ በሳቅ ተጀምሮ በለቅሶ፣ አንዳንዴም በእውነተኛ እንጨት ያልቃል። ልጅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ራስን የሚገታው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነውና አይፈረድበትም። ጨዋታ ብቻ እንጂ የመኝታ ሰዓት የሌለው ቤትም አይቻለሁ፤ አያስቀናም። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወላጆችን አስተዳደግ ስታጠና፣ ራሳቸውን ችለውና ተረጋግተው ያገኘቻቸው ልጆች ፍቅርም ሥርዓትም ካለበት ቤት የወጡት ናቸው። እያዘዘ ብቻ የሚያሳድገውም ሆነ ሁሉን እሺ የሚለው ወላጅ ያን ያህል አልቀናውም። እንግዲህ ሥርዓት ይኑር። ሥርዓት ለማኖር ግንባር መቋጠር የግድ ነው ያለው ግን ማን ነው?

ያሉትማ ሞልተዋል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ቡና ላይ፣ አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ «አባት ካልተፈራ ቤት ይፈርሳል» እያሉ የሚሰብኩትን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ፍርሃትን አክብሮት ብለው ስም አውጥተውለት ይኮሩበታል። የሚፈራ ልጅ አባቱ እያየው ይታዘዛል፤ አባቱ ዘወር ሲልስ? ክፉ ነገር ሲደርስበትስ ለማን ይናገራል? አንድ የማውቀው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በመምህሩ ሲደበደብ ወር ሙሉ ለቤተሰቡ ትንፍሽ አላለም። እንዲህ ያለውን ቅጣት ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ከከለከለው ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! ለምን እንዳልተናገረ ሲጠየቅ ልጁ «አባዬ መልሶ እኔን ይቆጣኛል» አለ። አባትየው እዚያው ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ መፈራት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ፊት መንሳት ሕፃን ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራውን ሙከራ ልንገረው። እናት ከጥቂት ወር ሕፃኗ ጋር ስትጫወት ትቆይና ለሁለት ሦስት ደቂቃ ፊቷን ድርቅ ታደርጋለች። አትቆጣም፣ አትስቅም፣ ዝም ብላ ታየዋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል። እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያወጣል። መልስ ሲያጣ ይነጫነጫል፤ በመጨረሻ ፊቱን ያዞራል። ማንም አልነካውም፤ የተነፈገው ፊት ብቻ ነው። «አጠገቡ ነኝ እኮ» እያልን ስልካችን ላይ አፍጥጠን የምናመሽ ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው። ያኔ በየሰዉ እጅ ስልክ አልነበረም፤ ፊቱ ግን ያው ነው።

ዱላውን የሚጨምሩበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን ኬይለር ከ160,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በወላጅ እጅ መመታት ከጠበኝነትና ከጭንቀት ጋር ተያይዞ ተገኘ እንጂ ከተሻለ ጠባይ ጋር አልተገኘም።

«ባህላችን ነው» ይሉኛል ደግሞ። የትኛው ባህል? እንቆቅልሽ የማን ነው? አያት እሳት ዳር ተቀምጠው ልጁ «እንቆቅልሽ» ሲላቸው «ምን አውቅልህ» ይላሉ። መልሱ ሲጠፋቸው «ሀገር ስጠኝ» ይባላሉ፤ ያላቸውን ሀገር ይሰጣሉ። ልጁም ሀገራቸውን ተቀብሎ፣ በተሸናፊው ላይ እንደ ወጉ ተሳልቆ መልሱን ይነግራቸዋል። በዚህ ክብሩ የቀነሰ ሽማግሌ አላውቅም። አባባ ተስፋዬስ? ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ልጆችን በተረት ሲያጫውቱ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸውን እያየ ያደገ ዛሬ ሽበት አውጥቷል፤ «አባባ» ማለቱን ግን አልተወም።

የቀሩት አባባሎች ብዙ ቦታ አይገባቸውም። የሚያለቅስ ሕፃን ቢታቀፍ ይቀብጣል ይባላል፤ የሦስት ወር ሕፃን ተንኮል አያውቅም፣ ያለው ቋንቋ ለቅሶ ነው። መጫወቻ ውድ ነው ለሚሉ ድስት ክዳን አለ፣ ቆርኪ አለ። «ልጄን ይቅርታ ብጠይቅ አበቃልኝ» የሚለው ደግሞ የተገለበጠ ነው። የትሮኒክ ተከታይ ጥናቶች እንዳሳዩት ደህና የሚባሉት እናትና ሕፃን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይግባቡም፤ ልጁን የሚያጠነክረው ተመልሰው መታረቃቸው ነው።

«ጊዜ የለኝም» ለሚለው አዝንለታለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰዓት ተኩል ቆሞ የገባ ሰው ምን ጨዋታ ያምረዋል? እኔ የያዝኩት ልማድ ትንሽ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ ሦስት ጊዜ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ጎረቤቴ ቁልፍ የጠፋኝ መስሏት ሁለት ቀን «ልርዳህ ወይ?» ብላኛለች። ስገባ ስልኬን ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ልጄ ያለችውን እጫወታለሁ፤ አላርማትም፣ አላስተምራትም። ትራስ ነህ ካለችኝ ትራስ እሆናለሁ፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪወጣ መነሳት የለም። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ እራት ነው፣ ቀልድ የለም።

ሁልጊዜ ይሳካልኛል ማለቴ አይደለም። ባለፈው ሳምንት በፈሰሰ ወተት ጮኼባት ማታ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ ላይ ደግሞ እንቆቅልሽ አይሠራም፤ ዓይኑን ያንከባልላል። ለእሱ የሚሆነውን ገና እየፈለግሁ ነው። እስካሁን ያገኘሁት ሳህን አብሮ ማጠብ ነው። ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ስንሆን ያወራል።

ትናንት ማታ ለልጄ ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን አስረክቤያለሁ። ጥርስሽን ፋቂ ስላት አሁንም ትፋቃለች። ሦስቴ ከተጠራች በኋላ ነው፤ እሱ ግን በፊትም እንዲሁ ነበር።