የእነዋሪ ምስር ከአውድማ እስከ ገበታ

ባለሱቆች ከደንበኞቻቸው ዘወትር ከሚሰሙት ወቀሳ አንዱ «ምስራችሁ ጠጠር አለበት» የሚለው ነው። ጠጠሩ ከወዴት እንደ መጣና ኪሳራውን ማን እንደ ከፈለ ግን የሚመረምረው ጥቂት ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በእነዋሪ ከተማ በአንድ እህል ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት የሚሠራ በመሆኑ፣ ምስር ከገበሬው አውድማ ተነሥቶ እስከ ሸማቹ ገበታ የሚሄድበትን መንገድ ለመከታተል ዕድል አግኝቷል።

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። የአካባቢው መሬት ዋልካ ስለ ሆነ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ አፈሩን በእጁ እያነሣ መደብና ቦይ በመሥራት ውሃውን ያፈስሳል። የደረሰው ምስር ተክሉ አጭር በመሆኑ ከነሥሩ ይነቀላል። ከሥሩም ጋር የዋልካው ጓል አብሮ ይመጣል፤ በአፈር አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃም ጓሉ ይፈረካከሳል። ነፋስ ገለባውን ይወስዳል እንጂ በክብደት ከፍሬው ጋር የሚስተካከለውን ጠጠር አይወስድም። ወንፊትም ቢሆን መጠኑ ምስር የሚያህለውን ጠጠር አይለየውም፤ በእጅ መለቀም አለበት።

ገበሬው በመከር ወራት ገንዘብ ስለሚያስፈልገው፣ ምስሩን ጥቂት በጥቂት ለመንደር ሰብሳቢ ወይም ለከተማው ነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴውም ከልዩ ልዩ እጅ የመጣውን በአንድነት አከማችቶ በጆንያ ከሞላ በኋላ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይልካል። በመርካቶ እህል በረንዳ ደላላው ያገናኛል፤ ጅምላ ነጋዴው ይረከባል። ከፊሉ ድፍን እንዳለ ለችርቻሮ ሲቀርብ፣ ከፊሉ ወደ ወፍጮ ሄዶ ክክ ይሆናል። በተለይም በዐቢይ ጾም ፈላጊው ይበዛል።

እንግዲህ ከመቶ ኩንታል ሦስቱ አፈርና ጠጠር ቢሆኑ፣ ለእነዚህ ሦስት ኩንታሎች የጆንያ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመኪናም ኪራይ ተከፍሏል ማለት ነው። በመጨረሻም የለቃሚ ሴቶች የቀን ዋጋ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ለገበሬው ከሚከፈለው ይቀነሳል፤ በሸማቹም ላይ ይጨመራል።

በአንድ ዓመት ከእኛ ቤት የተላከ ጭነት ጠጠር ተገኝቶበት ዋጋው ተቀነሰ። አሠሪዬም ኪሳራውን ለመመለስ በሚቀጥለው ገበያ በሁሉም ገበሬ ላይ እኩል ቀነሱ። በዚያ ቀን ምስርዋን አንድ በአንድ ለቅማ ያመጣች አንዲት እናት፣ የእርስዋ ምስር ከሌላው ክምር ጋር ሲደባለቅ አይታ፣ «እንግዲያውስ ልጆቼን ይዤ ሌሊቱን ለምን ለቀምሁት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዓመቱ ያመጣችው ምስር ከነጓሉ ነበር። ጥፋቱ ግን የእርስዋ አልነበረም፤ ለንጹሑም ላልነጻውም አንድ ዋጋ የከፈልን እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ አሠሪዬ የተለቀመውንና ያልተለቀመውን በሁለት ክምር፣ በሁለት ዋጋ መግዛት ጀመሩ። እኔም በሁለት ዐምድ እጽፋለሁ። ዋጋው መለያየቱን ገበሬዎች ባወቁ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ በአውድማቸው ላይ ሸራ ማንጠፍ ለመዱ።

እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው የተመደበበትን እህል መንግሥት በቈረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የማስረከብ ግዴታ ነበረበት። ያ ከቀረ ወዲህ ዋጋ የሚስማሙት ገዢና ሻጭ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ምርትን መርምሮ በደረጃ መሸጥን አሳይቶናል። በዓለም ገበያ ብዙ ምስር የምትልከው ካናዳም ምስርዋን በደረጃ ለይታ ትሸጣለች።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፣ ጠጠሩን በመርካቶ ከማስለቀም ይልቅ የለቃሚውን ዋጋ በአውድማው ለገበሬው መክፈል ይሻላል። ንጹሕ ምስር የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ለንጹሕ ምስር የተለየ ዋጋ ያቁም።