የእግር ስብራትና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

በአደጋ ምክንያት እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎች ሁሉ ለዚህ የሚዳረጉት ጉዳቱ ከባድ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የተፈጸመ ስህተት ሊድን ይችል የነበረን እግር ለመቆረጥ የሚያበቃበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት የእግርን አፈጣጠር በጥቂቱም ቢሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመቀሌ ከተማ የሚገኘው የዓይደር ሰፈር ስም ከዚህ ጉዳይ ጋር በሁለት መልኩ ይነሳል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች በዓይደር ትምህርት ቤትና በአካባቢው ላይ በጣሉት ክላስተር ቦምብ 12 ተማሪዎችን ጨምሮ 53 ሰላማዊ ሰዎች ሲሞቱ፣ 185 ሰዎች ቆስለዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽንም ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ በዓይደር ለደረሰው ጉዳት ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ ሰፈር አገልግሎት መስጠት የጀመረውና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው የዓይደር ሆስፒታል ከትግራይና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚላኩ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን ሕሙማን ሲያክም ቆይቷል።

የአንድ ሰው አንድ እግር ከጭን እስከ ጣት ድረስ 30 አጥንቶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ውስጥ 26ቱ የሚገኙት ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ቀሪዎቹ አራቱ የጭን አጥንት፣ የጉልበት ሎሚ፣ የቅልጥም አጥንትና ከቅልጥም ጎን የሚገኘው ቀጭን አጥንት ናቸው።

የጭን አጥንት በሰውነት ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረዥሙና ጠንካራው ነው። በጤነኛ ጎልማሳ ላይ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ እንደ መኪና ግጭት ወይም ከከፍታ እንደ መውደቅ ባለ ከባድ አደጋ ነው። በሚሰበርበት ጊዜ ቆዳው ሳይቀደድ ከአንድ ሊትር በላይ ደም በጡንቻዎች መካከል ሊፈስ ይችላል። የአንድ አዋቂ ሰው ደም በአማካይ 5 ሊትር ያህል በመሆኑ፣ ደም በውጭ አለመታየቱ ተጎጂው ከአደጋ ውጭ መሆኑን አያመለክትም።

የቅልጥም አጥንት ደግሞ በፊት ለፊቱ ከቆዳ በስተቀር የሚሸፍነው ሥጋ የለውም። በመሆኑም ሲሰበር ቆዳውን በስቶ ለመውጣት ቅርብ ነው። ቁስሉ ቶሎ ታጥቦ ካልታከመ ጀርም ወደ አጥንቱ ይገባና ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ያስከትላል።

ከስብራት ሁሉ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥመው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። ይህም የእግር መዳፍ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች በመለጠጣቸው ወይም በመበጠሳቸው የሚመጣ ነው። አብዛኛው ወለምታ በእረፍት፣ በቀዝቃዛ ነገርና እግርን ከፍ አድርጎ በማስቀመጥ ይሻለዋል። ሆኖም ተጎጂው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመመው ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ መነሳት ይገባዋል።

በሀገራችን ብዙ ሰው ጉዳት ሲደርስበት በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ክፍያውም ዝቅተኛ ነው፤ በማኅበረሰቡ ዘንድም የታመነ ነው። አደጋ የሚፈጠረው የተሰበረው እግር በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተደግፎ ጠብቆ ሲታሰር ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን በአራት ክፍል ተጠቅልለው የተቀመጡ ናቸው። ከስብራት በኋላ ጡንቻው ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ ስለማያገኝ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። በውጭ በኩል ጠንካራ እሥር ሲታከልበት ደግሞ ደም ወደ ሥጋው መድረሱን ያቆማል። ደም ያልደረሰው ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደማይመለስ ጉዳት ይደርሳል። በኢትዮጵያ የሚገኙ ሐኪሞች በእንዲህ ዓይነት እሥር ምክንያት እግራቸውና እጃቸው በጋንግሪን ተበልቶ የተቆረጠ ሕፃናትንና ጎልማሶችን ለረዥም ዓመታት ሲመዘግቡ ኖረዋል።

የአደጋው ምልክቶች ማንም ሰው ሊለያቸው የሚችል ናቸው። ሕመሙ ከጉዳቱ በላይ ይሆናል፤ ጣቶቹ በሌላ ሰው ሲንቀሳቀሱ ይበረታል። እግሩ ይደነዝዛል፣ ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል። የደም ትርታ መኖሩ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ትርታው የሚጠፋው ዘግይቶ ነውና። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ሲታይ እሥሩን ወዲያውኑ መፍታትና ተጎጂውን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

በአደጋው ስፍራ ሊደረግ የሚገባውም ውስብስብ አይደለም። የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ የተሰበረውን እግር ሳያሹና ሳይጎትቱ ከላይና ከታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ጨምሮ መደገፍ፣ ሲያሥሩም ጣቶቹን ክፍት መተው ያስፈልጋል። በመጫን የማይቆም፣ ሕይወትን የሚያሰጋ ደም ሲያጋጥም ብቻ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ማሠርና የታሠረበትን ሰዓት መጻፍ ይገባል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ብዙ የገጠር ጤና ተቋማት ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ የዓይደር ሆስፒታልም ከፍተኛ የመድኃኒትና የቁሳቁስ እጥረት ገጥሞት ነበር። በጦርነቱ ሳይፈነዱ የቀሩ ተተኳሾችም ከጦርነቱ በኋላ በተለይ ሕፃናትን ለጉዳት ዳርገዋል። ጤና ጣቢያ በራቀ ቁጥር የመጀመሪያው እርዳታ የሚወድቀው በጎረቤት፣ በሾፌርና በወጌሻ እጅ ነው።

በመሆኑም የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን እንዲይዙ፣ ሾፌሮች እንዲሠለጥኑና ወጌሻዎች ከጤና ጣቢያ ጋር ተቀራርበው እንዲሠሩ ማድረግ በየደረጃው ያለ ኃላፊ ሊፈጽመው የሚችል ተግባር ነው። ወጌሻውን ማግለል ተጎጂው ተደብቆ እንዲታሰር ከማድረግ ያለፈ ውጤት የለውም። እሥሩን መቼ መፍታት እንዳለበት የሚያውቅ ወጌሻ ግን የአንድን ሰው እግር ሊያተርፍ ይችላል።