ከውጭ አያሳይም የተባለው መስኮት ማታ ሲያሳይ

አሶሳ ውስጥ አሁን አሁን የሚሠሩ ቤቶች መስኮታቸው ያብለጨልጫል። ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፤ በአጠገቡ ስታልፉ ቆም ብላችሁ ፀጉር የምታስተካክሉበት ዓይነት። አከራዩም «መስታወቱ ሪፍሌክቲቭ ነው፣ ከውጭ አያሳይም» ይላል፤ ኪራዩም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። እውነት ነው፣ አያሳይም። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ።

ነገሩ ምስጢር የለውም። አማርኛችን ፊታችንን የምናይበትንም፣ አሻግረን ውጭውን የምናይበትንም «መስታወት» ብሎ ነው የሚጠራው። ሪፍሌክቲቩ ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ባንዴ ይሠራል፤ የትኛው እንደሚበረታ የሚወስነው ብርሃኑ ነው። ቀን ውጭው ደማቅ፣ ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ መንገደኛው የሚያየው የሰማዩን ነጸብራቅ ነው። ማታ አምፖል ስታበሩ ይገለበጣል፤ እናንተ መስኮቱ ላይ ራሳችሁን ታያላችሁ፣ መንገደኛው እናንተን ያያል።

የማውቃቸው ሁለት እህትማማቾች እንዲህ ያለ ክፍል ተከራይተው፣ ሻጩም አከራዩም ያሉትን አምነው፣ ያለ መጋረጃ ሁለት ሳምንት ኖሩ። የነገረቻቸው ማታ ከሥራ ስትመለስ ያየቻቸው የግቢው ተከራይ ናት። ከዚያ በኋላ ልብስ የሚቀይሩት መብራት አጥፍተው ሆነ። እንዳይታዩ ብለው በየወሩ ተጨማሪ እየከፈሉ፣ ጨለማ ውስጥ ይለብሳሉ!

ጾሬ ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ከሱዳን የመጡ ስደተኞች በሚኖሩበት በዚህ የሆሞሻ ወረዳ ጣቢያ ብዙው መጠለያ የቀርከሃና የጭቃ ነው፤ ቤቶቹም ተቀራርበዋል። ክፍቱን የሚዘጋው ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሲወርድ ዓይን ይከለከላል፣ አየርም አብሮ ይከለከላል። የካቲትና መጋቢትን እዚህ አካባቢ ያሳለፈ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እና ምርጫው ከባድ ነው፦ ወይ መታፈን ወይ መታየት።

ለእኔ ግን መፍትሔው የመጣው ከዚሁ ከቀርከሃው ነው። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ነው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ መስኮቱ ላይ አግድም ሲደረደር፣ እያንዳንዱ ፍልጥ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ የላይኛው የታችኛውን በትንሹ እንዲጋርድ ቢደረግ፣ ከውጭ የቆመ ሰው ዓይኑ ፍልጡ ላይ ይቆማል። አየሩ ግን ያልፋል። ዝናቡም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከሁሉ በላይ ይህ የሚሠራው በማዕዘን እንጂ በብርሃን አይደለም፤ ቀንም ማታም ያው ነው። ባለ አልሙኒየም መስኮቱ የአሶሳ ሰውም ቢኮርጀው አይጎዳም።

መስታወት ካልሆነ ለምትሉ ጭጋግ የመሰለው፣ ገበያ ላይ ፍሮስት የሚባለው ይሻላል። ብርሃኑን ስለሚበትነው ማታም ጥላ እንጂ መልክ አያሳይም። ወደ መስኮቱ ስትጠጉ ግን ቅርጻችሁ ይለያል፤ ስለዚህ አልጋውን ከመስኮት አርቁ። በአሸዋ የተፈገፈገ ከሆነ ደግሞ ሸካራው ፊት ወደ ውስጥ ይሁን። ሸካራው ውሃ ሲነካው ጥርት ይላል፤ እዚህ ደግሞ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ለመታጠቢያ ቤት ተቃራኒውን አድርጉ፣ ውሃው ያለው ከውስጥ ነዋ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። ተከራይ ከሆናችሁ መስታወት አታስቀይሩ። ገንዘቡ የእናንተ፣ መስኮቱ የአከራይ ነው፤ ስትወጡ ነቅላችሁ አትሄዱም፣ ቤቱ ስላማረም ኪራይ ሊጨመርባችሁ ይችላል። ስቲከርም ቢሆን አንዴ ከተለጠፈ እዚያው ቀረ። መጋረጃ ግን ከእናንተ ጋር ይሄዳል። አከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ሁሉንም መስኮት አታልብሱ፤ ሰው የሚያልፍበትን ጎን፣ እሱንም ከታች እስከ ቁመት ድረስ ያለውን ብቻ። የላይኛው ለብርሃን ይቅር።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። ጓደኛችሁ ውስጥ መብራት አብርቶ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ርቆ ይቁም፤ እናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከውጭ ፎቶ አንሱ። አከራዩ ቤቱን ማሳየት የሚፈልገው ቀን ከሆነ፣ ማታ ተመልሳችሁ እንደምትመጡ ንገሩት።