ሰርቨሩን የጣለው የቱ ቴስት ነው?

ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ የተወለደው ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ጆርናል-ወርልድ ጋዜጣ ይሠሩ የነበሩት አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ጀመሩት፤ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሙን የወሰደው ከጊታር ተጫዋቹ ከጃንጎ ራይንሃርት ነው። እኔን ግን ከፍሬምወርኩ ይልቅ የሚገርመኝ አብሮት የሚኖረው የቴስት ክምችት ነው። ከ10,000 በላይ ትንንሽ ቴስቶች አሉ፤ የኮድ ለውጥ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሮጣሉ። እጅግ ብዙዎቹ ዳታቤዝ ይነካሉ፦ ሰንጠረዥ ይሞላሉ፣ ያነባሉ፣ ይሰርዛሉ።

ቴስት ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። አራት ጠብቄ አምስት መጣብኝ ይላል፤ ፋይሉንና መስመሩንም ይጠቁማል። ዳታቤዙ ራሱ ክራሽ ሲያደርግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጃንጎ ቴስቶች ሌላ ካልታዘዙ የሚሮጡት ኤስኪውላይት በተባለው ዳታቤዝ ላይ ነው። ኤስኪውላይት ደግሞ የሚኖረው ቴስቶቹን በሚያስኬደው በራሱ በፓይዘን ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ስለሆነ ሲሞት ፓይዘንንም ይዞ ይሞታል። ስክሪኑ ላይ የምትቀረው አንዲት «ሴግመንቴሽን ፎልት» የምትል መስመር ናት። ከፓይዘን 3.3 ጀምሮ የመጣውን ፎልትሃንድለር የተባለ መሣሪያ ያበራ ሰው ቢያንስ ፕሮግራሙ የትኛው መስመር ላይ ሳለ እንደሞተ ያያል።

ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ግርግሩ ይበዛል። እያንዳንዱ ግንኙነት በሰርቨሩ ላይ የራሱ ፕሮሰስ አለው፤ ፕሮሰሶቹ ግን የጋራ ሜሞሪ ይጠቀማሉ። አንዱ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ ሲሞት ዋናው ፕሮሰስ የጋራው ሜሞሪ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ የቀሩትንም ያቋርጣል፤ ከዚያ ለውጦች ከሚጻፉበት መዝገቡ አገግሞ ይነሳል። ቴስቶቹ በስምንት ሠራተኛ ፕሮሰስ ጎን ለጎን ይሮጡ ከነበረ ስምንቱም በአንድ ጊዜ «ግንኙነቴ ተቋረጠ» ብለው ይጮኻሉ። ጃንጎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የዳታቤዙን ቅጂ ያዘጋጃል፤ ቅጂዎቹ ግን ያው አንድ ሰርቨር ላይ ናቸውና ከዚህ አያድኑም። ስለዚህ መነበብ ያለበት የሰርቨሩ ሎግ ነው። የትኛው ፕሮሰስ በሲግናል 11 (በዚያው በሴግመንቴሽን ፎልት) እንደሞተና በዚያች ቅጽበት የትኛውን ኩዌሪ ይሠራ እንደነበር እዚያ ተጽፏል። ብዙ ሰው ግን የቴስቱን ስክሪን ሲያገላብጥ ይውላል።

ኩዌሪው ታወቀ እንበል። የላከውን ቴስት ለብቻው ሲያስኬዱት ግን ያልፋል! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼኔ ነው፤ የጮኸው ቴስት ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ አጥፊው ቀድሞት አልፏል። በዚህ ጊዜ «እንደገና አስኪድ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ቀለሙ አረንጓዴ እስኪሆን መጠበቅ ቀላል ነው፤ ልማዱም ተስፋፍቷል፤ እኔ ግን ማስረጃ ከማጥፋት ለይቼ አላየውም።

ጃንጎ አብዛኛውን የዳታቤዝ ቴስት በትራንዛክሽን ጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ይመልሰዋል፤ የገቡት ረድፎች እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ሁሉም ነገር ግን አይመለስም። የፖስትግሬስ ተራ ቁጥር ሰጪ አንዴ ከቆጠረ ወደ ኋላ አይልም፤ «የመጀመሪያው መዝገብ መለያው 1 ነው» ብሎ የተጻፈ ቴስት የሚወድቀው በዚህ ነው። ሳይዘጋ የቀረ ግንኙነት፣ ሳይቆም የቀረ ትሬድ፣ የተለወጠ ሴቲንግም ወደ ቀጣዩ ቴስት ይሻገራሉ። የኤስኪውላይትን ክፍት ግንኙነት ይዞ ፕሮሰስን ለሁለት መክፈልማ (ፎርክ ማድረግ) አዘጋጆቹ ራሳቸው በግልጽ የከለከሉት ነው።

አጥፊውን ለማግኘት የቆየ ብልሃት አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኤድዋርድ ጋውስ የሚባል ሰው ስለ ስሕተት ፍለጋ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ አላስካ ውስጥ አንድ ተኩላ አለ ብሎ ይነሳል። አገሩን መሐል ለመሐል በአጥር ክፈለው፣ ጩኸቱ ከየት በኩል እንደመጣ ስማ፣ ያንን ወገን ደግሞ ክፈል። የጃንጎ ቴስት ማስኬጃ ይህን ብልሃት ባይሴክት በሚባል ትእዛዝ ይሠራበታል። የጮኸውን ቴስት በየግማሹ መጨረሻ ላይ ያስቀምጥና ሁለቱን ግማሾች በየራሳቸው አዲስ ፕሮሰስ ያስኬዳል፤ ፕሮሰሱ ቢሞት እንኳ ፈላጊው አይሞትም። ቴስቶቹ 16,000 ቢሆኑ ከ14 ክፍፍል አያልፍም።

ብልሃቱ ግን አጥፊው አንድ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ሁለት ቴስቶች ተባብረው ካጠፉና በክፍፍሉ ከተለያዩ ሁለቱም ግማሾች ያልፋሉ፤ ትእዛዙም ምንጩን አላገኘሁም ብሎ ፔር የሚባለውን፣ የጮኸውን ቴስት ከእያንዳንዱ ሌላ ቴስት ጋር አጣምሮ የሚያስኬደውን መንገድ ይጠቁማል። ያ አዝጋሚ ነው፤ ጥፋቱ እንዲህ የጮኸውን ጨምሮ የሦስት ቴስቶች ከሆነማ እሱም አይበቃም። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥም የሚያምስም ትእዛዝ አለ፤ የሚያምሰው የተጠቀመበትን የዘር ቁጥር ስለሚያሳይ ያንኑ ተራ መልሶ ማግኘት ይቻላል።

ጥንዱ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ማሳነስ ነው፦ ከሁለት ቴስት ወደ ጥቂት መስመር ኮድ፣ ከኮዱም ጃንጎ የሌለበት ጥቂት የኤስኪውኤል ትእዛዝ እስኪቀር። ተራ የኤስኪውኤል ትእዛዝ ሰርቨሩን መጣል የለበትም። ከጣለ አቤቱታው ከጃንጎ ደጅ አልፎ ወደ ዳታቤዙ፣ ፓይዘንን ከእሱ ወደሚያገናኘው ሾፌር (ድራይቨር) ወይም ሰርቨሩ ላይ ወደተጫነው ተጨማሪ ቅጥያ ባለቤቶች ይሄዳል።