የጎረቤት መሠረትና የአዲስ ሕንፃ ጉድጓድ

ቤት የሚቆመው በመሠረቱ ነው፤ መሠረቱም የሚጸናው በድንጋዩ ብርታት ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ደግፎ በያዘው አፈር ጭምር ነው። ይህን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ጎረቤቱ ጉድጓድ ካስቆፈረ በኋላ፥ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ሲሰነጠቅና በሩ አልዘጋ ሲለው ነው።

በአዊ ዞን በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች ፎቅ ቤቶች ከቆዩት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ጎን ለጎን በመሠራት ላይ ናቸው። የቀድሞው ቤት መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ የፎቁ መሠረት ግን ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ ይቆፈራል። በዚህም ላይ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፥ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። ተቆፍሮ ሳይሞላ ክረምት የገባበት ጉድጓድ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃውም የጎረቤትን አፈር ያለሰልሳል።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛ፥ አፈሩ የጎን ድጋፉን ሲያጣ ወደ ጉድጓዱ ይንሸራተታል፤ መሠረቱም ይከተለዋል። ሁለተኛ፥ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ሲሳብ አፈሩ ይጠቀጠቅና ይሰምጣል። ሦስተኛ፥ የአዲሱ ሕንፃ ክብደት ከራሱ ወሰን አልፎ በጎረቤቱ መሬት ላይ ይጫናል።

ይህ ችግር የታላላቅ አገሮችም ችግር ነው። በኢጣልያ በ1838 እ.ኤ.አ. በፒሳ ግንብ ዙሪያ መተላለፊያ ቢቆፈር፥ ቀድሞም ያዘነበለው ግንብ ይብሱን አዘነበለ። በሎንዶን ግን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በቢግ ቤን አጠገብ 40 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የምድር ባቡር ጣቢያ ሲቆፈር፥ መሐንዲሶች ከማማው ሥር ቱቦ ዘርግተው የሲሚንቶ ውሕድ እየገፉ በማስገባት፥ እንቅስቃሴውንም በሚሊ ሜትር እየለኩ ማማውን አዳኑት።

በእኛ ከተሞች ይህን ያህል መሣሪያ ባይኖርም፥ ዋናው ጥበብ ቀላል ነው። ከቁፋሮው በፊት የጎረቤቱ ቤት ስንጥቅ ሁሉ ባለቤቱ ባለበት ይመዝገብ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። በስንጥቁ ላይ ጀሶ ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበት፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑ ይታወቃል። ግድግዳው በቱንቢ ይለካ። ቁፋሮው በበጋ ይከናወን፤ የጉድጓዱም ጎን በእንጨት ወይም በብረት ይደገፍ። የጎረቤቱን መሠረት ወደ ታች ማውረድ ካስፈለገ፥ መሐንዲስ እየተቆጣጠረ፥ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ተቆፍሮ በአርማታ ይሞላ፤ እርሱ ሲጠነክር ራቅ ያለው ክፍል ይቀጥላል። መሠረቱን በሙሉ ባንድ ጊዜ መግለጥ ግን ቤቱን ለመጣል እንደ መፍረድ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዝዛል።

እንግዲህ የግንባታ ፈቃድ የሚፈርም ወጣት ሹም፥ የአመልካቹን ፕላን ብቻ ሳይሆን በፕላኑ ላይ ያልተሣለውን የጎረቤት ቤት ሄዶ ማየት ይገባዋል። ፎቅ የሚሠራው ባለጸጋ መሐንዲስ አለው፤ ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ባልቴት ግን ያለቻት ያቺው ቤቷ ናት። የከተማ እድገት የሚመዘነው በቆሙት ፎቆች ቁጥር ብቻ ሳይሆን፥ እነርሱ ሲቆሙ ሳይወድቁ በቀሩት ጎጆዎችም ጭምር ነው።